ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ግሮሰሪያችን

ይድረስ ለክፍለ ከተማችን የንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እና ለወረዳችን አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የፈረሰው ግሮሰሪያችን በአዲሱ ሰፈራችን እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ የአንድ ግሮሰሪ ቋሚ ደንበኞች ነን። ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ግሮሰሪውም አብሮን ተነሣ። ዛሬ አብዛኞቻችን ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። የግሮሰሪው ባለቤት እዚሁ ሳይት ላይ መልሰው ለመክፈት ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። የተሰጣቸው ምክንያት በአንድ መስመር ያልቃል፦ በሳይቱ ዕቅድ ውስጥ መጠጥ ቤት አልተካተተም። ወረቀቱን ተቀባብለን አይተነዋል። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል።

መንገዱ ለምን ሰፋ ብለን አይደለም የምንጽፈው። መንገዱ አምሯል። እኛም እንደማንኛውም ሰው ማታ ሄደን መብራቱ ሥር ፎቶ ተነሥተናል። ቅሬታችን ሌላ ነው። ቤቱን ለካችሁ፣ ቆርቆሮውን ቆጠራችሁ፣ በሩ ላይ ቀይ ቀለም ቀባችሁ። ማታ ማታ በዚያ በር የሚገባውን ሰው ግን የጠየቀው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን እናስተዋውቃችሁ። የቀበሌ ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለመንግሥት ከገቡት ውስጥ አንዱ ነው። አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ሲገቡ ፊት ለፊት የዋንዛ ባንኮኒ አለ። ጫፉ ክርን ሲያርፍበት ኖሮ ቀለሙ ለቋል። ከኋላ ጂንና ኡዞ ተደርድሯል። ቢራው ከታች ነው፣ ማቀዝቀዣው መብራት ሲኖር ይሠራል። ከጠርሙሶቹ ጎን ግድግዳው ላይ ምስማሮች አሉ፤ ምስማሮቹ ላይ ቁልፎች። የቤቱ ቁልፎች አይደሉም፣ የኛ ናቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀድሞት የሚገባ፣ ሚስቱ ገበያ የሄደችበት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ትርፍ ቁልፉን እዚያ ያስቀምጣል።

ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተሩ አለ። ባለ ካሬ ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የማንም የመታወቂያ ስም የለም። «ረጅሙ»፣ «ባለ ቮልሱ»፣ «ቲቸር»፣ «ኮፍያ»፣ «የኮፍያ ጓደኛ»። ከስሙ አጠገብ ለቢራ ቁም መስመር፣ ለጂን ነጥብ። የተከፈለው በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። የእናንተ ኦዲተር ቢመጣ አንዱን ገጽ አያነበውም። ተጣልተንበት አናውቅም ማለት አንችልም፤ ግን እዚያው ታርቀናል።

የግሮሰሪውን ባለቤት ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጡትም እትዬ ይሏቸዋል። ሰው ሞቅ ሲለው ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ «አንድ ድገሙኝ» ቢል የሚመጣለት አምቦ ውሃ ነው። ሂሳቡ ላይ አይጨመርም። ቢጮህም አይጨመርም።

ወንበር በስም አልተከፋፈለም። ነገር ግን መስኮቱ ሥር ያለው የሃምሳ አለቃው ነው። እንግዳ ሳያውቅ ቢቀመጥበት ማንም አይናገረውም። ዝም ብለን እናየዋለን፤ ራሱ ይነሣል። ሃምሳ አለቃው በ1970 ካራማራ ላይ ተዋግተዋል። ያንን ውጊያ በየሳምንቱ ይተርኩልናል። በየሳምንቱ የታንኩ ቁጥር ይጨምራል። አንድም ሰው «ባለፈው ያነሰ ነበር» ብሏቸው አያውቅም። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ሲመጣ ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ያኔ ሃምሳ አለቃም አይከበሩም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

አንደኛው ቅሬታችን የአበታተናችሁን ነገር ነው። ቤት በዕጣ ደረሰን፤ ዕጣው ፍትሐዊ ነው ተባልን። ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች አንዱ ከከተማው ምሥራቅ፣ ሌላው ከደቡብ ጫፍ ወደቁ። አሁን ለመጠያየቅ ታክሲ ሦስት ጊዜ መቀያየር ነው። እዚህ ሳይት የደረስነውም ብንሆን ብሎክ ለብሎክ ተራርቀናል።

ይህ ምን ያመጣል ብትሉ የሃምሳ አለቃውን ጉዳይ እንንገራችሁ። ጡረተኛ ናቸው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ማታ 12 ሰዓት ሲል ይገባሉ። አንድ ቢራ ይዘው ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። ሁለተኛውን የሚጠጡት የሚጋብዛቸው ከተገኘ ነው። በድሮው ሰፈር አንድ ማታ ቀሩ። እትዬ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አዩ። አንድ ሰዓት ላይ ከምስማሩ ቁልፍ አንሥተው አንድ ልጅ ላኩ። ልጁ እየሮጠ ተመለሰ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ስኳራቸው ነው። ባለ ቮልሱ መኪናውን አስነሣ፣ አራት ሆነን ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። በሳምንቱ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

እዚህ የደረሳቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ባለፈው ክረምት እንደገና ወደቁ። የወደቁት ማታ ነው፤ የተገኙት በማግሥቱ ከሰዓት ነው። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ልጅ ደረጃው ላይ ሲያልፍ ማቃሰት ሰማ። በሩ እስኪሰበር ሌላ ሰዓት ሄደ። ነፍሳቸው ተርፋለች፣ አመስጋኝ ነን። ግን ዛሬ ያለ ከዘራ አይሄዱም፣ ከፎቁም የሚወርዱት አልፎ አልፎ ነው። ጎረቤቶቻቸው ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ማታ 12 ሰዓት ላይ የት መሆን እንዳለባቸው የሚያውቅ ሰው በብሎኩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛ። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ እትዬ እንደ ነዋሪ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ለግሮሰሪው ግን ምንም የለም። በቃል ተነግሯቸው ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ መጣ። ባንኮኒውን ያወጣነው እኛ ነን፣ በትከሻችን። አሁን ከኛ አንዱ በሆነው አናጺ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

ከኛ መካከል ሕግ የሚያነብ ሰው አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን አምጥቶ አሳየን። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ማኅበራዊ ትስስሩ ለተቋረጠበትና ሥነ ልቦናው ለተጎዳ ሰው ካሳ እንዲከፈል አዋጁ ይላል። ስናነበው ደስ አለን። የመንግሥት ሕግ የሰው ለሰው ትስስር ዋጋ እንዳለው በወረቀት አስፍሯል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ዝቅ ብለን አነበብን፤ አዋጁ የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው። እትዬ ባለይዞታ አይደሉም፣ ተከራይ ናቸው። እኛ ደግሞ ተከራይም አይደለንም። የተከራይ ደንበኞች ነን። ከዚህ በታች ሕጉ ላይ መስመር የለም። ካሳ አንጠይቅም፤ ቢሰጠንም ምን ብለን እንደምንካፈለው እንጃ። የምንለው፣ ሕጉ የትስስርን ዋጋ ካወቀ እናንተም ፈቃድ ስትሰጡና ስትከለክሉ ልታውቁት ይገባል ነው።

ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ ነው የሚሰጡት ተባለ። እትዬ ጨረታውን ለማየት ሄደው ነበር። የመጀመሪያው ሰው የጠራውን ዋጋ ሰምተው ቦርሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ዛሬ ምድር ቤቱን ባንክ፣ ፋርማሲና ሌላ ባንክ ይዞታል። ባንክ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ባንክ ጎን ለጎን ተከፍቶ ሰው የሚቀመጥበት አንድ ቤት የማይገኝበት ዕቅድ ማን እንዳወጣው ቢነገረን ደስ ይለናል።

የጠላ ቤቷም ሴትዮ ዕጣ ከዚህ አይሻልም። ከግሮሰሪው ጀርባ ነበረች፤ በሯ ላይ ጣሳ በእንጨት ተሰቅሎ በሩቅ ይታይ ነበር። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ደረሳት። አንድ ቀን ለዓመት በዓል ብላ አሻሮ ስትቆላ ጭሱ ደረጃውን ሞላው፣ ነዋሪው ለኮሚቴ ከሰሳት። ነዋሪው አልተሳሳተም። እሷም አልተሳሳተችም። ጋኑ አሁን መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል።

ሦስተኛው የወንበሮቹ ጉዳይ ነው። ፈቃዱ ሲከለከል እትዬ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ብሎኩ ሥር ጀበና ቡና ጀመሩ። ደርዘን የማይሞላ የፕላስቲክ ወንበር አወጡ። ማታ ማታ ከጀበናው ጎን ከቤታቸው ፍሪጅ የወጣ ቢራም ይገኝ ነበር፣ አንደብቅም። ያለ ፈቃድ ነው፤ እሱንም አንክድም። ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ወንበሮቹን በፒክአፕ ጭነው ሄዱ። ደረሰኝ አልተሰጠም። እትዬ ወንበራቸውን ፍለጋ ሲመላለሱ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካቸዋል፣ ሌላው ነገ ኑ ይላቸዋል። ፈቃድ የሚከለክለውም ያለ ፈቃድ ሠራሽ ብሎ የሚወርሰውም አንድ መንግሥት ነው። ሰውየው በየት በኩል ይለፍ?

አራተኛው ቅሬታችን ዋናው ነው። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጥያቄውን አንሥተን ነበር። ከመድረኩ የተሰጠን መልስ «መጠጥ ቤት ማኅበራዊ አገልግሎት አይደለም፣ መዝናናት የሚፈልግ አስፋልቱ ዳር ላውንጅ አለ» የሚል ነው። አዳራሹ ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ ምን እናድርግ።

ላውንጁን ሞክረነዋል። ሙዚቃው ቀና ብለህ እንድታወራ አይፈቅድም። አንድ ቢራ በግሮሰሪው የሁለት ዋጋ ነው። አስተናጋጆቹ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ግን ወር ጠፍተህ ብትመለስ «የት ጠፋህ?» የሚልህ የለም። ዱቤማ አይታሰብም። ሃምሳ አለቃው አንድ ቀን ይዘናቸው ሄድን። መብራቱ ቀይ፣ ሰማያዊ ሲሆን አይተው «ይሄ አምቡላንስ ነው?» አሉን።

ማኅበራዊ አገልግሎት አይደለም የተባለው ቤት ምን ይሠራ እንደነበር እንናገር። ከኛ መካከል አንድ የሚኒባስ ሾፌር አለ። እህቱ አረብ አገር ነበረች። የሞቷ ወሬ መጀመሪያ የደረሰው ለእሱ ሳይሆን ለዘመዱ ነው፤ ዘመዱ ደግሞ ለእትዬ ደወለ። ማታ ነው። ሾፌሩ ሥራ ጨርሶ እንደተለመደው መጣና ተቀመጠ። መርዶ በማታ አይነገርም። ሰው ሌሊቱን ብቻውን ሊያድር አይገባም። ስለዚህ እያወቅን አብረነው ተጫወትን። ስለ አርሴናል አወራን። ረጅሙ ቀልድ አመጣ፣ ሾፌሩ ከልቡ ሳቀ። ከኛ አንዱ መቻል አቅቶት ወደ ጓሮ ወጣ፣ ሽንት ቤት የሄደ መስሎ። እትዬ ለሾፌሩ ሁለተኛ ቢራ ከለከሉት። ለምን ብሎ ተቆጣ። «ነገ ማለዳ ሥራ አለህ» አሉት። ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ቀሩ። ማን ይናገር፣ ማን እናቱን ይያዝ፣ ለዕድሩ ማን ይንገር፣ ድንኳን የት ይተከል የሚለው እዚያ ባንኮኒ ላይ አለቀ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳን።

ይህ ማኅበራዊ አገልግሎት ካልሆነ ምን እንደሆነ ስሙን እናንተ ስጡት።

ዕቁቡም አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የቅዳሜው ዕቁብ ጸሐፊ ስለሆንሁ ነው፣ ስለዚህ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዕጣችን የቢራ ቆርኪ ነበር። በቆርኪው ውስጥ ቁጥር ተጽፎ የኮፍያ ኮፍያ ውስጥ ይገባል፤ ስሙም የወጣው ከዚያ ነው። እትዬ አይናቸውን ጨፍነው ያወጣሉ። በዚህ ዕቁብ አንዱ ታክሲ ገዝቷል፣ አንዷን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሸኝተናል፣ አንዱ ደግሞ ብሩን ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ስንበተን ዕቁቡ መሐል ላይ ነበር። ቀድሞ የደረሳቸው አንዳንዶቹ መክፈል አቆሙ። ተጣርተን በስልክ አነጋገርናቸው፤ «እልካለሁ» ይላሉ። በግሮሰሪው ጊዜ እልካለሁ የሚባል ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ሲሆን ሰው ዓይን ለዓይን ይተያያል። አናጺው ዕጣው አልወጣለትም ነበር። በብሩ የእንጨት መላጊያ ማሽን ሊገዛ አስቦ ነበር። አሁንም በእጅ ነው የሚልገው።

የቧንቧ ሠራተኛውም ጉዳይ ያው ነው። ሱቅ የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም። የቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ሰው ግሮሰሪ ብቅ ብሎ «ያ ልጅ አለ?» ይላል፣ ልጁም አለ። በአዲሱ ሳይት ቧንቧ የሚፈነዳበት ቤት ሞልቷል። ልጁም እዚሁ ብሎክ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሁለቱን የሚያገናኝ ቤት ነው የጠፋው።

ቧንቧ ካነሣን አይቀር፦ ባለቤቴ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። «ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ስለ ቢራ ደብዳቤ ትጽፋለህ?» አለችኝ። ስለ ውሃውም ጽፈናል። መልስ አልመጣም። መልስ ካልመጣ ደግሞ ስለሁለቱም መጻፍ ይቻላል።

የእሷን ነገር እንዲሁ አላልፈውም። ግሮሰሪው በመፍረሱ በሰፈሩ ያለቀሰው ሁሉም አይደለም። ደመወዝ ሳይደርስ ያለቀበት ቤት ነበር። ባሏን ከበር ቆማ የጠራች ሴት ነበረች። ሴቶች እምብዛም አይገቡም ነበር፣ ለምን እንደማይገቡም አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። አንዷ ጎረቤታችን «እሰይ» ማለቷን ሰምተናል፤ መብቷ ነው። ነገር ግን ያ ባል ዛሬ መጠጣቱን አልተወም። ፌስታል ይዞ ወደ ቤት ይገባል፣ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይጠጣል። አምቦ ውሃ የሚቀይርለት የለም። ሚስቱ ራሷ በቀደም እትዬን አግኝታ «መቼ ነው የምትከፍቺው?» አለቻት።

ስለ ጤናና ስለ ወጣት ለምትሉት አጭር መልስ አለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። በእኛ ቤት ሕጉን የሚያስከብሩት እትዬ ናቸው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ከነልደት ዘመኑ ያውቁታል። ስለ ዕድሜው ማንም በመታወቂያ አያታልላቸውም። ላውንጁ በር ላይ የቆመው ጠባቂ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ከተማችን መጠጥ ቤቶቿን ስታጣ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ስሟ የገነነው ውቤ በረሃ ዛሬ በሽማግሌ ወሬ ነው ያለችው። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች። ካዛንቺስ በ2017 ስትነሣ የአዝማሪ ቤቱ ፈንድቃም አብሮ ተነሣ። ፈንድቃ ስም ስለነበረው ብዙ ሰው ጮኸለት፣ ጋዜጣም ጻፈለት። የኛ ቤት ስም የለውም። በሩ ላይ የተጻፈው «ግሮሰሪ» ብቻ ነው፣ እሱም «ሪ»ው ጠፍቷል። የቢራ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየባት ከተማ ቢራው የሚጠጣባቸው ትንንሽ ቤቶች መዝገብ እንኳን የላትም።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደሚያዩት አንድ ነገር ልጨምር፤ ለንደን ያለው የእህቴ ልጅ ነው የነገረኝ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ የሰፈር ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቤት፣ መጠጥ ቤትም ቢሆን፣ ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ ንብረት ተብሎ እንዲመዘገብ ለአካባቢው አስተዳደር ማመልከት ይችላሉ። ከተመዘገበ በኋላ ባለቤቱ ልሽጥ ቢል ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ ለመግዛት እስከ 6 ወር ጊዜ ይሰጠዋል። ደቡብ ለንደን ውስጥ አይቪ ሃውስ የሚባል መጠጥ ቤት በዚህ መንገድ ተርፏል፤ ነዋሪዎቹ አክሲዮን ገዝተው እ.ኤ.አ. በ2013 የራሳቸው አደረጉት። እኛ ቤት ግዙልን አላልንም። የሰፈር ሰው ስለ መጠጥ ቤቱ ለአስተዳደሩ ሲያመለክት አዳራሽ የማይሳቅበት አገር መኖሩን ብታውቁት ብለን ነው።

ስለሆነም የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

የእትዬን ማመልከቻ እንደገና እዩት። በዕቅዱ የለም ከሆነ ዕቅዱን ያወጣው ሰው ነው፣ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል። በሳይቱ ምድር ቤት እስካሁን ተዘግተው የቆሙ ሱቆች አሉ። ከነሱ አንዷን፣ ትንሿን፣ ከጨረታ ውጭ በተመጣጣኝ ኪራይ ስጧቸው። ከተነሣው ሰፈር ለመጡ ሌሎች አነስተኛ ነጋዴዎችም እንዲሁ ይደረግ። ጸጉር ቆራጩ አለ፣ ጫማ ሰፊው አለ፤ እነሱም ቋሚ ደንበኞች ነበሯቸው። ለጠላ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ምድር ላይ፣ ጭስ የሚወጣበት ጥግ ይፈለግላት።

የመዝጊያ ሰዓት ገደብ ብታወጡ እንቀበላለን። ማታ 3 ሰዓት ብትሉ አንከራከርም። እትዬ ድሮም ከዚያ አሳልፈው አያውቁም። የድምፅ ገደብም አውጡ፤ በቤቱ ያለው ድምፅ የሬዲዮ ነው።

ወንበሮቹ ይመለሱ። ካልተመለሱ የት እንዳሉ በጽሑፍ ይገለጽ።

ወደፊት ሌላ ሰፈር ስታነሡ ደግሞ፣ ከማሽኑ በፊት አንድ ሰው ማታ 12 ሰዓት ላይ ላኩ። ሰዉ የት የት እንደሚቀመጥ አይቶ ይመዝግብ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ዕጣ ውስጥ ከሚገቡ ምድር ቤት፣ ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር በአንድ ብሎክ ይመደቡ። ሃምሳ አለቃው ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር እንዲቀየርላቸው ያቀረቡት ማመልከቻም እናንተው ዘንድ ነው፤ ከሁሉም እሱ ይቅደም።

መልሱ በጽሑፍ ይሁንልን። የስብሰባ መልስ አንድ ጊዜ ደርሶናል።

ከሰላምታ ጋር

የግሮሰሪው ቋሚ ደንበኞች
ስለ ደንበኞቹ፦ የቅዳሜ ዕቁብ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣ መምህር
(በዱቤ ደብተሩ «ቲቸር»)

ግልባጭ፦
ለሳይቱ ነዋሪዎች ኮሚቴ
ለደንብ አስከባሪዎች፣ ወንበሮቹን በሚመለከት
ለግሮሰሪው ባለቤት